«የምርጫ ክልል»፣ «አከላለል» እና «ድልድል»፦ ስለ ሦስት ስያሜዎች አጭር ማብራሪያ

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየ10 ዓመቱ እንዲካሄድ፣ በውጤቱም መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ከምርጫ ቦርድ በሚቀርብለት ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ የምርጫ ክልሎችን እንዲወስን ያዛል። ይህን ድንጋጌ የሚተረጉም ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ችግር «ክልል» የሚለው ቃል ነው፤ ቃሉ የፌዴሬሽኑን አባልም፣ አንድ ተወካይ የሚመረጥበትን ሥፍራም ያመለክታልና። አዲስ አበባ ከክልሎች አንዷ አይደለችም፤ ነገር ግን 23 የምርጫ ክልሎች አሏት። ስለዚህ «የምርጫ» የሚለው ገላጭ ፈጽሞ ሊቀር አይገባም።

የቃሉ ሥር «ከለለ» ሲሆን፣ በግእዝ መክበብንና መጋረድን ያሳያል፤ «አክሊል»ም ከዚሁ ይወጣል። በአማርኛ «ማካለል» ሁለት አዋሳኞች የጋራ ወሰናቸውን መለየታቸውን ስለሚያስታውስ ለድንበር ጉዳይ ይስማማል። በሕግ ሥልጣን የተሰጠው አካል የምርጫ ክልሎችን ሲለይ ግን «አከላለል»፣ የቀድሞውን ሲያሻሽል ደግሞ «ዳግም አከላለል» ማለት ይሻላል።

«ድልድል» ከዚህ ይለያል። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን ባምቢስን እንውሰድ። ባምቢስ ስሙን ከሱፐርማርኬት ያገኘ ሰፈር ነው፤ ሰፈር የልማድ መጠሪያ፣ ወረዳ የአስተዳደር እርከን፣ የምርጫ ክልል ደግሞ የውክልና መለኪያ በመሆናቸው ወሰናቸው አንድ መሆን የለበትም። በ2017 ዓ.ም. ከአጎራባቹ ካዛንቺስ ብዙ ነዋሪዎች በኮሪደር ልማት ምክንያት ወደ ሌላ ሥፍራ ሲዛወሩ፣ ሕዝቡ ሄደ እንጂ የምርጫ ክልሉ መስመር አብሮ አልሄደም። የነዋሪውን ቁጥር ለማመጣጠን መስመሩ ቢቀየር ዳግም አከላለል ነው፤ ለአዲስ አበባ የተመደበው የ23 መቀመጫ ቁጥር ቢቀየር ግን ድልድል ነው።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። የአዲስ አበባ ሕዝብ በ1987ቱ ቆጠራ 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999ኙ 2.7 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ መቀመጫዋ ግን በ1997ቱም በ2013ቱም ምርጫ 23 ነበር። አራተኛው ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. ተራዘመ። ሁለቱን ስያሜዎች የሚያቀላቅል ትርጉም፣ አንባቢው የጎደለው መስመር ይሁን መቀመጫ እንዳይለይ ያደርገዋል። የአንድ መራጭ ድምፅ ከሌላው እኩል መመዘኑን ለመጠየቅም መጀመሪያ የሚጠየቀው ነገር ስም ሊኖረው ይገባል።