ፈረስን ለመግራት ራስን መግራት

ጥር የፈረስ ወር ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 የተጀመረው የእንስሳት ትርዒት፣ ናሽናል ዌስተርን ስቶክ ሾው፣ በዚህ ወር ፈረሰኞችን ወደ ሰሜን ዴንቨር ይጠራል፤ በእንጅባራ ደግሞ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን የዓድዋን ድል በሽምጥ ግልቢያና በጉግስ ያከብራል። በዴንቨር አካባቢ፣ በግሌንዴልና በኦሮራ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ አንዱ የአባቶቹ ወግ፣ ሌላው ልጆቹ የሚያድጉበት አገር ወግ ነው። ኮርቻው፣ እርካቡና አለባበሱ ይለያያል፤ የፈረሱ አእምሮ ግን እዚያም እዚህም አንድ ነው። ስለዚህ አእምሮ የተደረጉ ጥናቶች የሚያመለክቱት፣ ፈረስ ከልቡ የሚታዘዘው የተጠየቀውን ሲረዳ መሆኑን ነው። እንዲረዳ ማድረግ ደግሞ የጋላቢው ሥራ ነው።

ፈረስ ከአዳኝ በመሸሽ የኖረ እንስሳ ነው። ዓይኖቹ በራሱ ግራና ቀኝ ስላሉ፣ ከግንባሩ ፊት ለፊትና ከጭራው ኋላ ካለች ጠባብ ስፍራ በቀር ዙሪያውን ያያል። ቆዳው ዝንብ ስታርፍበት ይሰማዋል። ይህን ያህል ንቁ ለሆነ ፍጡር የጋላቢው ጭን፣ ተረከዝና ዛብ የያዘ እጅ ሁልጊዜ ይናገራሉ። በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር ቴምፕል ግራንዲን ለብዙ ዓመታት እንዳስተማሩት፣ እንስሳት ሰው ልብ የማይላቸውን ጥቃቅን ነገሮች ያስተውላሉ፤ የተንጠለጠለ ሰንሰለት፣ መሬት ላይ የወደቀ ጥላ፣ አጥር ላይ የተሰቀለ ጃኬት ያስቆማቸዋል። አንዴ ያስፈራቸውንም በቀላሉ አይረሱም። ስለዚህ ፈረስ ሲደነብር «እልኸኛ ነው» ብሎ ከመፍረድ በፊት ምን እንዳየ መፈለግ ይገባል።

አብዛኛው የግልቢያ ሥልጠና የሚካሄደው ግፊት በማሳደርና ግፊቱን በማንሳት ነው። ጋላቢው ዛቡን ሲስብ ልጓሙ የፈረሱን አፍ ይጫናል፤ ፈረሱ ሲቆም ዛቡ ይላላል። ትምህርቱ ያለው መላላቱ ላይ ነው፤ ፈረሱ ዕረፍት ያገኘበትን ድርጊት ያስታውሳል፣ ይደግመዋልም። በዚህ ምክንያት የጥቂት ሰከንድ መዘግየት እንኳ ትርጉም ይለውጣል። ፈረሱ ቆሞ ዛቡ እንደተሳበ ከቀረ፣ መቆም እንደማያሳርፈው ይማራል፤ አፉ ይደነድናል፣ ራሱን ይወረውራል። በኋላ እግሮቹ ቀጥ ብሎ ሲነሳ ጋላቢው ደንግጦ ቢለቅለት ደግሞ፣ ለመገላገል መነሳት እንደሚበጅ አስተማረው ማለት ነው። ከሁሉ የሚከፋው በተረከዝ እየኮለኮሉ ዛብ መሳብ ነው፤ «ሂድ» እና «ቁም» በአንድ ጊዜ ለታዘዘ ፈረስ ትክክለኛ መልስ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የግልቢያ ሳይንስ ማኅበር ምልክቶች እርስ በርሳቸው የተለዩ እንዲሆኑና አንድ በአንድ እንዲሰጡ የሚመክረው ለዚህ ነው።

እርጋታም የመልእክቱ አካል ነው። በርሊን ውስጥ ሐንስ የተባለ ፈረስ መሬቱን በኮቴው እየመታ ሒሳብ ይመልሳል ተብሎ ታምኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኦስካር ፕፉንግስት ሲመረምረው ግን ጠያቂው መልሱን ካላወቀ ሐንስም አያውቀውም፤ ፈረሱ ያነብ የነበረው ጠያቂው ሳይታወቀው የሚያሳየውን ኢምንት የራስ እንቅስቃሴ ነበር። ሊንዳ ኪሊንግና ባልደረቦቿ በስዊድን አድርገው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ ፈረስ ለሚጋልቡና ለሚስቡ ሰዎች በአራተኛው ጉዞ ጃንጥላ እንደሚከፈት ተነገራቸው። ጃንጥላው አልተከፈተም፤ የሰዎቹም የፈረሶቹም የልብ ምት ግን ጨመረ። ፈረሶቹ ስለ ጃንጥላው የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ ሥጋቱ የደረሳቸው ከሰዎቹ ነው።

«ፈረስ ካልተመታ ይንቃል» የሚሉ አሉ። ዱላ ፈጣን ውጤት የሚያሳይበት ጊዜ መኖሩ አይካድም። ይሁን እንጂ ዱላ የተከለከለውን ቢያመለክት እንኳ የተፈለገውን አያሳይም፤ ከዘገየ ደግሞ ፈረሱ ሕመሙን ከሰውየው ጋር ያያይዘዋል። ሌሎች፣ ይህ የእርጋታ ዘዴ ለመዝናኛ እንጂ ለጉግስ አይሆንም ይላሉ። ጉግስ ራሱ ተቃራኒውን ይመሰክራል። በእልልታና በአቧራ መካከል፣ ዘንግ በሚወረወርበት ሜዳ፣ እጆቹ በጋሻና በዘንግ የተያዙበት ፈረሰኛ ፈረሱን የሚያዞረው በጥቂት ምልክት ነው፤ በየድምፁ የሚደነብር ፈረስ ጌታውን ይጥላል። አጼ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ደጃዝማች ባልቻ «አባ ነፍሶ» ተብለው በፈረስ ስም መጠራታቸውም የፈረሰኛው ክብር ከፈረሱ የማይነጠል እንደነበር ያሳያል። በሌላ በኩል እርጋታ ልቅነት አይደለም፤ ጎበዝ ጋላቢ ካስፈለገ ግፊቱን ይጨምራል፣ መልሱን ባገኘ ቅጽበት ግን ያነሳዋል።

ስለዚህ ፈረስ እምቢ ሲል ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ ጥርሱ፣ ጀርባውና ኮርቻው ይመርመሩ፤ የሚያመው ፈረስ የሚማርበት ልብ የለውም። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይጠየቅ፤ ትንሿም ሙከራ በመልቀቅ ትሸለም፤ ልምምዱም ፈረሱ በሚያውቀው ነገር ባጭሩ ይደምደም። የተናደደ ጋላቢ ይውረድ። በዴንቨር አካባቢ ለልጃችሁ የግልቢያ አሠልጣኝ የምትፈልጉ ወላጆች፣ ፈረሱ ሲያስቸግር አሠልጣኙ ማንን እንደሚመረምር ተመልከቱ። ልጃችሁን አስቀድሞ የራሱን እጅ ለሚመረምረው አደራ ስጡ።