የሪህና የግላኮማ መድኃኒቶች አሠራር

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 ዓ.ም. የሕክምናው የኖቤል ሽልማት ለስኮትላንዳዊው ለሰር ጄምስ ብላክ፣ ለአሜሪካውያኑም ለገርትሩድ ኤሊየንና ለጆርጅ ሂቺንግስ በአንድነት ሲሰጥ፣ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ የሚመስሉ የሁለት ደዌዎች ታሪክ በዚያ ሽልማት ውስጥ እንደ ተገናኘ ያስተዋለ ሰው ብዙ አይመስለኝም። ኤሊየንና ሂቺንግስ ካወጧቸው መድኃኒቶች አንዱ አሎፑሪኖል የተባለው የሪህ ኪኒን ሲሆን፣ ብላክ ለልብ ሕሙማን ካገኘው መድኃኒት ወገን የሆነው ቲሞሎል ደግሞ በ1978 በአሜሪካ የግላኮማ ጠብታ ሆኖ ወጥቷል። የሚያስደንቀው ሁለቱም ሲጠነሰሱ ለዚህ አገልግሎት አለመታሰባቸው ነው፤ አሎፑሪኖል የተቀመመው አንድ የካንሰር መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ቶሎ እንዳይፈርስ ለማገዝ ነበረ፣ የብላክ ጥረትም በደረት ውጋት የሚሠቃየውን ሰው ልብ ከድካም ለማሳረፍ ነበረና።

የሁለቱ ደዌዎች ዝምድና ግን በሽልማቱ ብቻ አያበቃም። አንደኛው እግርን ሁለተኛው ዓይንን ይያዝ እንጂ፣ የሁለቱም ሥረ ነገር አካል ዕለት ዕለት በሚሠራውና ዕለት ዕለት በሚያስወግደው ነገር መካከል ያለው ሚዛን መዛባት ነው። ምንጭ የሚገባበት፣ ቦይ የሚወጣበት ገንዳ ከልኩ አልፎ ሲሞላ፣ ባለቤቱ ወይ ምንጩን ይቀንሳል ወይ ቦዩን ይጠርጋል፤ የሪህና የግላኮማ መድኃኒቶችም፣ ሕመምን ብቻ ከሚያስታግሱት በቀር፣ ስማቸው ምንም ቢበዛ አብዛኞቹ ከእነዚህ ከሁለቱ ሥራዎች አንዱን የሚሠሩ ናቸው።

በአገራችን የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ ሪህ ይባላልና፣ እዚህ የምንናገረው ሐኪሞች ጋውት ስለሚሉት፣ ብዙውን ጊዜ ከእግር አውራ ጣት ሥር በሌሊት ድንገት ስለሚነሣው ብቻ ነው። ሰውነት ያረጁ ሕዋሳቱን ሲያፈርስና በምግብ ውስጥ ያለውን ፑሪን የሚባል ንጥረ ነገር ሲፈጭ፣ የመጨረሻው ትራፊ ዩሪክ አሲድ ይሆናል፤ አብዛኞቹ እንስሳት ይህን ትራፊ የሚያሟሟ ኢንዛይም ሲኖራቸው ለሰው ልጅ ግን ይህ ስላልተሰጠው፣ ሁለት ሦስተኛው ያህል በኩላሊት፣ የቀረው በአንጀት በኩል መውጣት አለበት። በአንድ ደሲሊትር ደም ውስጥ ያለው መጠን ከ6.8 ሚሊግራም ሲያልፍ፣ የማይሟሟው ትርፍ ከልብ ርቆ በሚቀዘቅዘው የአካል ጫፍ ላይ ሹል ክሪስታል እየሆነ ይከማቻል፤ ለዓመታትም ሳይሰማ ሊቀመጥ ይችላል። አንድ ሌሊት ግን ነጭ የደም ሕዋሳት ይህን ባዕድ ነገር አግኝተው ሊውጡት ሲረባረቡ፣ ጣቱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ የአንሶላ ክብደት እንኳ መሸከም ያቅተዋል።

በዚያች ሌሊት የሚያስፈልገው መድኃኒት ዩሪክ አሲድን የሚቀንስ አይደለም፤ የሕዋሳቱን ርብርብ የሚገታ እንጂ። ለዚህ ኮልቺሲን አለ፤ የሚገኘውም በመጸው ከሚያብብ ኮልቺኩም ከሚባል አበባ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው የቢዛንታይን ሐኪም እስክንድር ዘትራልስ የዚህን ዕፅ ወገን ለሪህ ያዝዝ ነበር፤ ፍሬ ነገሩን ለይተው ያወጡት ደግሞ ፈረንሳውያኑ ፔሌቲዬና ካቫንቱ፣ የወባን መድኃኒት ኩዊኒንን ባወጡበት በዚያው በ1820 ነው። ኮልቺሲን ሕዋሳት የሚንቀሳቀሱባቸው ረቂቃን ክሮች እንዳይቀጣጠሉ ስለሚከለክል፣ ነጭ የደም ሕዋሳቱ ወደ ታመመው መገጣጠሚያ መጓዝ ይሳናቸዋል። ነገር ግን በሚፈውሰውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ስለ ሆነ፣ «አንድ ኪኒን ካሻለኝ አራት ያድነኛል» የሚል ሰው ሕይወቱን እስከማጣት ሊደርስ ይችላል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው በተለይ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። ኢቡፕሮፌንና ፕሬድኒሶሎንም በዚሁ በማስታገሱ ሥራ ይረዳሉ፤ ወደ ፕሬድኒሶሎን ኋላ እንመለሳለን።

ምንጩን የሚቀንሰው አሎፑሪኖል ነው። ይህ መድኃኒት ፑሪን ወደ ዩሪክ አሲድ የሚለወጥበትን ዛንቲን ኦክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም ይይዝና ሥራውን ያስተዋል፤ ሐኪሙም ብዙ ጊዜ በቀን ከ100 ሚሊግራም በማይበልጥ መጠን ጀምሮ፣ የደሙ ልክ ከ6 በታች እስኪወርድ ድረስ ቀስ በቀስ ይጨምረዋል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሰናክል ነገር አለ፤ ይኸውም በመጀመሪያዎቹ ወራት የቆየው ክሪስታል መሟሟት ሲጀምር እየተፈረፈረ ሕዋሳቱን ስለሚቀሰቅስ፣ ሕሙሙ መድኃኒት በጀመረ ማግሥት ሊብስበት ይችላል። ይህን ያልተነገረው ሰው «መድኃኒቱ ጠላኝ» ብሎ ይጥለዋል፤ የተነገረው ግን ከ3 እስከ 6 ወር ጥቂት ኮልቺሲን አብሮ እየወሰደ ያልፈዋል። መጣል የሚገባው ገላ ላይ ሽፍታ ሲወጣ ነው፤ ያን ጊዜ በዚያው ዕለት አቁሞ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል፤ አልፎ አልፎ ለሞት የሚያደርስ ይሆናልና። አዛታዮፕሪን የሚባለውን መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ይህን ሳይናገር አሎፑሪኖል አይጀምር፤ ያ መድኃኒት የሚፈርሰው በዚሁ ኢንዛይም ስለ ሆነ በደሙ ተከማችቶ መቅኔውን ይጎዳዋል።

ቦዩን የሚጠርገው ፕሮቤኔሲድ ሲሆን፣ ኩላሊት ዩሪክ አሲድን መልሶ እንዳይመጥ ያደርጋል። እርሱም ቢሆን የተሠራው ለሌላ ጉዳይ፣ ፔኒሲሊን እንደ ወርቅ በሚቆጠርበት ዘመን በሽንት ቶሎ እንዳይወጣ ለማቆየት ነበር። ስለ ምግብ ብዙ መናገር አልወድም፤ ዱለት፣ ጉበት፣ ጥሬ ሥጋና ቢራ ሪህን እንደሚቀሰቅሱ እርግጥ ነው፤ ምስርና ሽሮ ግን ፑሪን ቢኖርባቸውም ሕመሙን እንደሚያመጡ በጥናት ስላልታየ፣ ጿሚው በከንቱ ሊሰጋ አይገባም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከገበታው ይልቅ ትራፊውን አጥርቶ ማስወጣት ካቃተው ኩላሊት ነው።

ወደ ዓይን ስንመጣ፣ ከእንባ የተለየ ንጹሕ ፈሳሽ ከብሌኑ ዙሪያ ካለው ቀለበት በስተኋላ በደቂቃ ከ2 እስከ 3 ማይክሮሊትር ያህል እየመነጨ፣ በብሌኑ በኩል ወደ ፊት አልፎ፣ በቀለበቱና በፊተኛው መስተዋት መጋጠሚያ ማዕዘን ባለ ረቂቅ ወንፊት ይወጣል። ወንፊቱ ሲደፈን ግፊቱ ይጨምራል፤ ጤነኛው ልክ ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው ይባላል፣ ምንም እንኳ ግፊታቸው ከዚህ ሳያልፍ በግላኮማ የሚጎዱ ሰዎች ቢኖሩ። የሚጎዳው ብርሃንን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ ነው፤ በአብዛኞቹም ላይ ጉዳቱ ከዳር ስለሚጀምር፣ ሰውየው ፊት ለፊቱ ያለውን ጽሕፈት እያነበበ በጎኑ የቆመውን ግን ሳያይ ያልፋል፤ ሕመም የለውምና አይጠረጥርም። የጠፋው ብርሃነ ዓይን አይመለስም፤ መድኃኒቱ የሚጠብቀው የቀረውን ነው።

ቲሞሎል ምንጩን ይቀንሳል፤ አሴታዞላማይድ የተባለው ኪኒንና የእርሱ ወገን የሆነው ዶርዞላማይድ የተባለው ጠብታም እንዲሁ፣ በሌላ መንገድ። በ1996 ለአገልግሎት የበቃው ላታኖፕሮስት ግን ፈሳሹ በወንፊቱ ሳይሆን በጎን ባሉት ጡንቻዎች መካከል እንዲሰርግ መንገድ ይከፍትለታል፤ ማታ ማታ አንዲት ጠብታ ይበቃዋል፤ የዓይን ሽፋሽፍትን ማስረዘሙና የቀለበቱን ቀለም ማጥቆሩም የታወቀ ነው። ጠብታ ዓይን ውስጥ የገባ ሁሉ እዚያው የሚቀር አይደለም፤ ከዓይን ወደ አፍንጫ በሚወርደው ቀጭን ቧንቧ ገብቶ በጉሮሮ መራራ ሆኖ ይሰማል፤ ከአፍንጫም ወደ ደም ያልፋል። ቲሞሎል አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ የሚያሳጥረው፣ ልቡ በዝግታ የሚመታውንም የሚያዝለው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ጠብታው እንደ ገባ ዓይንን ጨፍኖ፣ በአፍንጫው በኩል ያለውን የዓይን ማዕዘን በጣት ለሁለት ደቂቃ ያህል መጫን ያስፈልጋል፤ ሁለተኛ ጠብታ ካለም የመጀመሪያው እንዳይታጠብ አምስት ደቂቃ መቆየት።

ከሁሉ የሚከብደው ሕሙሙ ጥቅሙን የማያየው መሆኑ ነው። አሎፑሪኖል ሕመምን አያስታግስም፣ የግላኮማ ጠብታም እይታን አይጨምርም፤ ሥራቸውን የሚመሰክሩት የደም ምርመራና የግፊት መለኪያ ብቻ ስለ ሆኑ፣ ብዙ ሰው ደህና ነኝ ባለ ቀን ይተዋቸዋል።

ሁለቱ ደዌዎች በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ደግሞ የአንዱ መድኃኒት ሌላውን ሊያስቆጣ ይችላል። ለሪህ የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን፣ በተለይ ሳምንታት ሲዘልቅ፣ በአንዳንድ ሰው የዓይንን ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ሕመሙ በተነሣ ቁጥር ከመድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየገዙ መዋጥ ስለዚህ አደገኛ ነው። አሴታዞላማይድ በበኩሉ በደም ውስጥ ያለውን ዩሪክ አሲድ ሊያበዛና የተኛውን ሪህ ሊቀሰቅስ ይችላል። ላታኖፕሮስትና አሎፑሪኖል ግን አንዱ በሌላው ሥራ ስለማይገቡ ያለ ስጋት አብረው ይኖራሉ፤ ሁለቱ ደዌዎች ያሉበት ሰው የሚወስዳቸውን ኪኒኖችና ጠብታዎች ሁሉ በአንድ ከረጢት ይዞ ለሁለቱም ሐኪሞች ቢያሳይ፣ ከመድኃኒቶቹ የሚስማሙትን መርጠው ሊያዝዙለት ይችላሉ።