«ና» በየቋንቋው

ና በአማርኛ አንድ ሰው ወደ ተናጋሪው እንዲመጣ የሚጠራ ቃል ነው። በአንድ ተነባቢና በአንድ አናባቢ የተሠራ፣ በአንድ ፊደል የሚጻፍ፣ ለብቻው ሲነገር ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚሆን። «ና ግባ» ሲባል እንግዳ መቀበያ፣ «ና ውጣ» ሲባል ጠብ መጫሪያ ነው። ጠባዩ ከርዝመቱ ጋር አይመጣጠንም። «መጣ» በደንቡ ትእዛዝ ቢወጣለት «ምጣ» በተባለ ነበር፤ በተለመደው አነጋገር ግን ለወንድ ና፣ ለሴት ነይ፣ ለብዙዎች ኑ ይባላል። አንቱ ከሚባል ሰው ፊት ቃሉ ቦታውን ለ«ይምጡ» ይለቃል። አሉታም የለውም፤ ልጇን «ና» ብላ የጠራች እናት ሐሳቧን ብትቀይር «አትምጣ» ከማለት ሌላ ምርጫ የላትም።

ሲጠሩ ሌላ ግሥ መዋስ የአማርኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ዐረብኛ «መጣ»ን «ጃአ» ይላል፤ ጥሪው ግን «ተዓል» ነው። የዛሬው ግሪክኛ «እመጣለሁ» ሲል «ኤርሆሜ»፣ ሲጠራ «ኤላ» ይላል። በየሰዓቱ ከአፍ የማይጠፋ ቃል ሕፃን ገና ደንብ ሳያውቅ እንደወረደ የሚይዘው በመሆኑ፣ ከደንብ ማፈንገጡ ትውልድ አልፎ ይቆያል።

የአማርኛው ና በግዕዝ ረዘም ብሎ ይገኛል፦ ንዓ፣ ንዒ፣ ንዑ። ትግርኛ እስከ ዛሬ እንዲሁ ይላል። አማርኛ «ዓይን» የተባለውን ፊደል የጉሮሮ ድምፅ በጊዜ ብዛት ስላጣ መካከሉ ባዶ ቀረና ሁለቱ ቀለማት ተጨፍልቀው አንድ ሆኑ። ፊደሉ ዓ እና አ ብሎ መለየቱን አልተወም፤ አንደበቱ ግን ከተወው ቆይቷል።

በዚያው በአማርኛ ሁለተኛ ና አለ። ይህ ብቻውን አይቆምም፤ ከቃል መጨረሻ ተለጥፎ «ዳቦና ሻይ»፣ «በላና ተኛ» እያለ ያጣምራል፣ «ነውና» ሲል ደግሞ ምክንያት ያቀርባል። «ካሳ ና» ካሳን መጥራት ነው፤ «ካሳና» ከተባለ ግን ሌላ ስም ይጠበቃል። በንግግር የሚለያቸው በመካከል ያለችው ትንሽ ዕረፍት ናት።

ትግርኛ ላይ ሲደረስ ደግሞ ሦስተኛው ይመጣል። «ሃገርና» የሚለውን ጽሑፍ ያየ አማርኛ አንባቢ «አገርና ምን?» ብሎ ቀጣዩን ቃል ሊፈልግ ይችላል፤ የትግርኛ ተናጋሪ ግን «አገራችን» ብሎ ጨርሷል። ዐረብኛም «ቢላዱና» ሲል «አገራችን» ማለቱ ነው። ግዕዝ «አቡነ» ይላል፣ ዕብራይስጥ «አቪኑ»፤ ሁለቱም «አባታችን» ናቸው። እዚህ ላይ መመሳሰሉ የእውነተኛ ዝምድና ውጤት ነው። ለዚህም ማስረጃው አንዷ ቀለም አይደለችም፦ «የአንተ»፣ «የአንቺ»፣ «የእኔ» የሚሉት ቅጥያዎችም በየቋንቋዎቹ ተራ በተራ ይገጥማሉ። ሙሉው ሰንጠረዥ ሲገጥም አጋጣሚ ማለት አይቻልም።

ዕብራይስጥ ሌላም ና አለው። በመጽሐፍ ቅዱስ ከትእዛዝ በኋላ እየገባ ትእዛዙን ወደ ልመና የሚያለዝብ፣ «እባክህ» እንደማለት ያለ ቃል ነው። ይህን ቃል ኢትዮጵያውያን ሳያስተውሉት በየዓመቱ ይጠሩታል። «ሆሺዓ ና» ማለት «እባክህ አድን» ነው፤ ከመዝሙረ ዳዊት ወጥቶ፣ በግሪክኛ አልፎ፣ በግዕዝ «ሆሳዕና» ሆኖ የበዓል ስም ሆነ። መጨረሻ ላይ ያለችው ና ያች ልመና ናት። በዛሬዋ እስራኤል ቃሉ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ወርዶ «ና ሎ ለዓሼን» ይላል፤ «እባክዎ አያጭሱ» ነው። በአማርኛ አፉን የፈታ ቤተ እስራኤላዊ ግን በመጀመሪያ የሚሰማው ጥሪ ነው። ከዚህም በላይ በኦሪት ዘጸአት፣ የፋሲካው በግ እንዴት መበላት እንዳለበት በታዘዘበት ቦታ፣ ና ማለት «ጥሬ» ነው።

በኦሮምኛ ና «እኔን» ነው፦ «ና ጋርጋሪ» ቢባል «እርዳኝ» ማለት ነው። ሶማልኛ በበኩሉ «እኛን» ለማለት ይጠቀምበታል፤ ያውም ሰሚውን የማይጨምረውን «እኛን»፤ ሰሚው ከተጨመረ «ኢና» ይሆናል። እንደ አማርኛ ሁሉ ዓረፍተ ነገርን ከዓረፍተ ነገር የሚያያይዝ ቅጥያ ናም ሶማልኛ አለው።

ወደ ደቡብ ሲወረድ ስዋሂሊ «አሊ ና ጁማ» ይላል። አማርኛ ሰሚ «አሊና ጁማ» ብሎ ይሰማዋል፤ ትርጉሙም ያው ነው። ይህን ያህል የገጠመ ነገር ወደ ዝምድና ይጋብዛል፤ ጠጋ ሲሉ ግን ይፈርሳል። የስዋሂሊው ና በመነሻው ይበልጥ ወደ «ጋር» ያዘነብላል፦ «ኒና ኪታቡ» (መጽሐፍ አለኝ) ቃል በቃል «እኔ ከመጽሐፍ ጋር» እንደማለት ነው። «በላና ተኛ» ለማለትም «አሊኩላ ና ኩላላ» ይላል፤ ከና በኋላ የገባው «መተኛት» የሚለው ነው እንጂ የረባ ሁለተኛ ግሥ አይደለም። ዙሉ፣ ሾና፣ ኪንያርዋንዳና ሊንጋላ ይህንኑ ቃል ስለሚጋሩት፣ ከጥንታዊው የባንቱ ቋንቋ የተወረሰ ነው ይባላል። የአማርኛው ተለጣፊ ና እዚያ ቤተሰብ ውስጥ ዘመድ የለውም።

እንዲህ ያለ አጋጣሚ የበዛው የሰው አፍ የሚያወጣቸው ቀላል ድምፆች ጥቂት በመሆናቸው ነው። ምላስ ከላይኛው ድድ ገጥማ አየር በአፍንጫ ሲወጣ ን ይሆናል፤ አፍ ሲከፈት አ ይከተላል። በዓለም ካሉት ሰባት ሺህ ገደማ ቋንቋዎች የአፍንጫ ድምፅ የሌላቸው እጅግ ጥቂት ናቸው፤ በፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ በቡገንቪል ደሴት የሚነገረው የሮቶካስ ማዕከላዊ ዘዬ ከእነዚህ አንዱ ነው። ተነባቢ አስቀድሞ አናባቢ የሚያስከትል ቀለም ደግሞ የትም አለ። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ጆርጅ ኪንግስሊ ዚፍ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እንዳሳየው፣ ብዙ የሚደጋገም ቃል አጭር የመሆን ዝንባሌ አለው። «እና»፣ «ላይ»፣ «አይደለም»፣ «እኔ» የሚሉት ከሁሉ ይልቅ የሚደጋገሙ በመሆናቸው፣ በጥቂቶቹ አጫጭር ቀለማት ላይ የሚሻሙትም እነሱ ናቸው። በአንዲት ቀለም መመሳሰል ላይ የቋንቋ ዝምድና የሚገነባ ሰው ብዙ ርቀት አይሄድም።

አንዳንዱ ና የረጅም ቃል ትራፊ ነው። የጥንቱ ግሪክኛ «ሂና» (ዘንድ) ፊቱን አጥቶ ዛሬ «ና» ሆኗል፤ ያለ እሱ ግሪክ «መሄድ እፈልጋለሁ» ማለት አይችልም። ፖርቱጋልኛ «ውስጥ» የሚለውን «ኤም» ከሴቴ መስተአምር «አ» ጋር አዋሕዶ «ና» አደረገው። የሳንስክሪት፣ የፋርስኛና የሂንዲ ና ግን ዕድሜው ጥንታዊ ነው፤ «አይደለም»ን ያመለክታል። በቬዳ ዘመን ሳንስክሪት ከዚያም አልፎ ሁለት ሥራ ነበረው፦ ከግሥ በፊት ሲገባ ይክዳል፣ ከስም በኋላ ሲገባ «እንደ» ሆኖ ያመሳስላል። አንድ ቃል እንዴት «አይደለም»ም «ይመስላል»ም ይሆናል ብሎ የሚገረም አንባቢ ብቻውን አይደለም።

ስላቮች ዘንድ ና «ላይ» ነው። ሩሲያኛ «ና ስታሌ» ሲል ዕቃው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ «ና ስቶል» ሲል ገና ሊቀመጥ ነው። ስሞችን በሙያቸው ማርባት የተወው ቡልጋርኛ ለዚሁ ቃል የአማርኛን «የ» እና «ለ» ሥራ አሸከመው፦ «ና ኢቫን» የኢቫንም ለኢቫንም ነው። ሩሲያኛ ዕቃ ሲያቀብል ደግሞ «ና!» ይላል፤ ለብዙዎች ወይም ለተከበረ ሰው «ናቴ!»። ይህ በትክክል የአማርኛው እንካና እንኩ ነው፤ ማላይኛም ሲሰጥ «ናህ» ይላል። አማርኛ ተናጋሪ «ና» ሲባል ይቀርባል፣ ሩሲያዊ እጁን ይዘረጋል።

ሃውሳ «ና ጎዴ» ሲል «አመሰግናለሁ» ማለቱ ነው፤ ና እዚያ «እኔ»ን ከተፈጸመ ድርጊት ጋር የሚይዝ ነው። ኮሪያኛም «እኔ»ን ና ይላል፤ በእኩያና በታናሽ ፊት ብቻ እንጂ ትልቅ ሰው ሲገኝ ወደ «ጆ» ይለወጣል። ሁለቱን የሚያገናኝ ታሪክ የለም። በጃፓንኛ ና ብቻውን ሲቆም «ስም» ነው፤ ከግሥ ኋላ ሲገባ ግን ይከለክላል። «ኩሩ ና» ማለት «አትምጣ» ነው፤ ለአማርኛ ጆሮ ግን አንድ ኩሩ ሰው የተጠራ ይመስላል።

ቃላትን በቃና በሚለዩ ቋንቋዎች ና አንድ ቃል መሆኑም ያበቃል። በማንዳሪን ቻይንኛ ድምፁ ወደ ላይ ሲወጣ «ያዝ»፣ ከላይ ሲወርድ «ያ»፣ ዝቅ ብሎ ሲመለስ «የትኛው» ነው። የግዕዝ ፊደል ቃና ስለማያሳይ ሦስቱንም አንድ ና አድርጎ ይጽፋቸዋል። አናባቢዋ በምትረዝምበት በታይኛ አምስቱም ቃናዎች ይሠራሉ፦ ባልተለወጠው ቃና «የሩዝ እርሻ»፣ በወራጁ «ፊት»፣ በወጪው «ወፍራም»፣ በከፍተኛው ደግሞ የእናት ታናሽ እኅት ወይም ወንድም ነው። ዝቅተኛው ቃና «ኖይ ና» በሚለው የፍሬ ስም መጨረሻ ላይ ይገኛል። ፍሬው ከሐሩሩ የአሜሪካ ምድር ወደ እስያ የተሻገረ የጊሽጣ ወገን ነው፤ በሰሜን ቬትናም ያንኑ ፍሬ ና ብቻ ይሉታል።