ጠቅልሎ ለመሄድ ቤት መሸጥ
ኑሮ ሲከብድ ቤት ሸጦ፣ ልጆችን ይዞ ጠቅልሎ ወደ አሜሪካ መሄድ መፍትሔ ይመስላል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የብር ደመወዝተኛ ልቡ ቢሸፍት አይፈረድበትም። ግን ቤቱንም የሚሸጠው በዚያው በረከሰ ብር ነው። የሚሄድበት አገርም ከድቀት ነፃ አይደለም፤ በአውሮፓውያኑ ጥቅምት 2009 የአሜሪካ ሥራ አጥነት 10 በመቶ ደርሶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ አዲስ ገቢ ሰው እዚያ የሠራበት ልምድም፣ የሚመሰክርለት ቀጣሪም የለውም።

ቤተሰብ ተነጣጥሎ ከሚኖር አብሮ ቢቸገር ይሻላል የሚሉ አሉ፤ የልጆች ጉዳይ ነውና ክርክሩ ከባድ ነው። እኔ ግን የምቃወመው አብሮ መሄዱን ሳይሆን መመለሻን ማጥፋቱን ነው። ቤታችሁን አከራዩት፤ እዚያ እስክትደላደሉ አትሽጡት።