«ጎሳሽ ማን ነው?» ተብሎ የማይጠየቅበት ማዋለጃ

ስለ ሶማሊያ በእኛ ሰዎች ብዕር ያልተጻፈ የለም። ስለ ጦር አበጋዞቹ፣ ስለ እስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት፣ ስለ አልሸባብ፣ የመለስ ዜናዊ አገዛዝ በታኅሣሥ 2006 ጦሩን ወደዚያ ያዘመተው ለማን ብሎ እንደነበር ስንከራከር ዓመታት ፈጅተናል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ሁሉ ክርክር መሐል ምጥ የያዛት ሶማሊያዊት የት ሄዳ እንደወለደች የጠየቀ ሰው ግን ብዙ አላየሁም። እኔም አልጠየቅሁም።

ዶክተር ሐዋ አብዲ ግን ዕድሜያቸውን የፈጁት በዚህ ጥያቄ ላይ ነበር። በ1947 የተወለዱት እኚህ ሴት ገና ልጅ ሳሉ እናታቸው በእርግዝና ምክንያት ሞቱባቸው። በሶቪየት ኅብረት የትምህርት ዕድል ኪየቭ ሄደው ሕክምና ተማሩ፤ የማኅፀንና የጽንስ ሐኪም ሆኑ፤ አገር ቤት ተመልሰውም ሕግ ጨመሩበት። በ1983 ከሞቃዲሾ ወደ አፍጎዬ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቤተሰባቸው የእርሻ መሬት ላይ፣ አንድ ክፍል ያላት ክሊኒክ ለገጠር እናቶች ከፈቱ።

በጥር 1991 የዚያድ ባሬ መንግሥት ሲወድቅ ነፍሱን ለማዳን የሸሸ ሁሉ በክሊኒኳ ዙሪያ ሰፈረ። ሐኪሟ ለገባው ሁሉ ሁለት ደንብ አወጡ። አንደኛው፣ በግቢው ውስጥ ጎሳ ማንሳት ክልክል ነው። ሁለተኛው፣ ወንድ ሚስቱን አይመታም። የመታ ሰው ለእስር ቤትነት በተዘጋጀች መጋዘን ይቆለፍበታል! ጎሳ በሬሳ ቁጥር በሚወራረድበት አገር ይህን ደንብ ማስከበር ቀልድ አልነበረም።

በ2007 በሞቃዲሾ የኢትዮጵያ ጦርና የሽግግር መንግሥቱ በአንድ ወገን፣ ታጣቂዎቹ በሌላ ወገን ሆነው ሲታኮሱ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በዚያው የአፍጎዬ መንገድ ፈለሰ። በኋላ በሐዋ መሬት ላይ ብቻ ወደ 90,000 የሚጠጋ ሰው ተጠልሎ ነበር። የእኛን ወታደሮች የላከው እኛ ያልመረጥነው አገዛዝ ነው ብለን ራሳችንን ነፃ ልናወጣ እንችላለን። ከቤቷ ተፈናቅላ ከዛፍ ሥር ለወለደችው ግን ልዩነቱ አይታያትም።

እንዲህ ባለ ቦታ እናት የምትሞተው በአብዛኛው በጥይት አይደለም። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ያልታከመላትን ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ደሙን የሚያቆመው ኦክሲቶሲን የተባለው መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት፤ መብራት የለም፣ ለጄኔሬተሩ የሚሆነው ነዳጅ ደግሞ ኬላ ላይ ተይዟል። ሚሶፕሮስቶል የተባለው ኪኒን ማቀዝቀዣ ስለማይፈልግ ብዙ ነፍስ አድኗል። ምጥ ሲጠናባት ግን ኪኒን አይበቃም፤ ኦፕራሲዮን፣ ማደንዘዣ የሚሰጥ ባለሙያ፣ ደም የሚለግስ ሰው ያስፈልጋል። በሶማሊያ ግርዛቱ ብልትን እስከ መስፋት የሚደርስ በመሆኑ ምጡ ይብስ ይከብዳል። ደግሞ ሌሊት ነው። ባል መንገዱን ፈርቶ ጎሕ እስኪቀድ ይጠብቃል። ሲነጋ የሚደርሰው ሬሳ ነው።

የውጭ ረድኤትም ቢሆን የሚዘልቀው እስከ ተወሰነ ድረስ ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከ22 ዓመት ሥራ በኋላ፣ ሠራተኞቹ ሲገደሉበትና ሲታገቱበት፣ በነሐሴ 2013 ሶማሊያን ለቆ ወጣ፤ የተመለሰው በ2017 ነው። ያገሬው አዋላጅ የምትሄድበት የላትም። ወይዘሮ ኤድና አዳን በ2002 ሐርጌሳ ላይ የከፈቱት የማዋለጃ ሆስፒታል ከሁሉ ይልቅ አዋላጆችን በማሠልጠን ላይ ያተኮረው ይህ ገብቷቸው ይመስለኛል።

እኛስ? ከ2020 እስከ 2022 በተደረገው ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ጤና ጣቢያዎች ሲዘረፉና ሲወድሙ በየከተማው ገንዘብ አሰባስበናል። ያሰባሰብነው ግን በየጎራችን ነው። የአንዱ አዳራሽ የሌላውን እናት ስም አያነሳም ነበር። ገንዘቡ አይሰብሰብ ማለቴ አይደለም፤ እኔም ከአንዱ አዳራሽ ተቀምጬ ነበር። የሐዋን ደንብ ሳነብ ግን አዳራሹ ትዝ አለኝ፤ አፈርሁም።

በግንቦት 2010 የሒዝቡል ኢስላም ታጣቂዎች በመቶዎች ሆነው የሐዋን ሆስፒታል ወረሩ። ዕቃ ሰባበሩ፣ ሐኪሟን አገቱ፤ ሴት ይህን የመሰለ ቦታ ልታስተዳድር አይገባም አሉ። እሳቸው አልለቅም አሉ፤ እናንተ ለዚህ ሕዝብ ምን ሠርታችኋል ብለውም ጠየቋቸው። ያስጠለሏቸው ሴቶች ጮኹ፣ በውጭ ያሉ ሶማሊያውያን ጎራ ሳይለዩ አብረው ጮኹ። ታጣቂዎቹ ከቀናት በኋላ ለቀቋቸው። ሐኪሟ ግን ይቅርታችሁን በጽሑፍ ካልሰጣችሁኝ ሥራ አልጀምርም አሉ። ደብዳቤው ተጻፈ።

ዶክተር ሐዋ በነሐሴ 2020 ሞቃዲሾ ውስጥ በ73 ዓመታቸው አረፉ። ሁለት ሴት ልጆቻቸውም ሐኪሞች ሆነው ከጎናቸው ሠርተዋል።