እየተነሣ ለሚጠፋ የውሃ መሳቢያ ሞተር

ሽንኩርት ራስ በሚቋጥርበት፥ ቲማቲምም አበባ በሚያወጣበት ጊዜ ውሃ ለጥቂት ቀናት ቢቋረጥበት የወራት ድካም ይጎዳል። የውሃ መሳቢያው ሞተር የሚያስቸግረውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ወቅት ነው። ገመዱ ሲሳብ ይነሣል፥ ጥቂት ይሠራል፥ ከዚያም እየተንተፋተፈ ይጠፋል። በፎገራ ከርብና ከጉማራ ወንዞች፥ በመቂና በዝዋይ አካባቢም ከወንዝና ከሐይቅ በቤንዚን ሞተር ውሃ እየሳበ የሚያለማ ገበሬ ይህን ችግር ያውቀዋል። እንዲህ ያለው ሞተር «አበቃለት» ተብሎ በርካሽ ከመሸጡ፥ ወይም ወደ ከተማ ተጭኖ ከመሄዱ በፊት ካርቡራተሩን ከፍቶ ማየት ይገባል። ለብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች የሚያስፈልገው መሣሪያ ካቻቢቴ፥ ፒንሳና 10 ቁጥር ቁልፍ ነው።

ካርቡራተር ቤንዚንንና አየርን በልክ የሚቀላቅል ክፍል ነው። ከሥሩ ትንሽ ጽዋ የመሰለ የቤንዚን ማጠራቀሚያ አለው፤ በጽዋው ውስጥም አንድ ተንሳፋፊ ይገኛል። ቤንዚኑ ሲሞላ ተንሳፋፊው ከፍ ብሎ በትንሽ መርፌ መግቢያውን ይዘጋል፤ ሲጎድል ዝቅ ብሎ ይከፍታል። ከጽዋው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቤንዚን የሚያልፈው በአንዲት ትንሽ የነሐስ ቡሎን መካከል በተበሳች ቀዳዳ ነው፤ ይህችም ቀዳዳ ከ1 ሚሊሜትር የጠበበች ናት። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከገባችባት ሞተሩ ይራባል። ክረምቱን ሙሉ በጽዋው ውስጥ የቆየ ቤንዚንም እንዲሁ ያደርጋል፤ ቀላሉ ክፍል ተንኖ ያልቅና የቀረው እንደ ሙጫ ይጣበቅባታልና።

ሕመሙ ይህ መሆኑን በቾኩ ማወቅ ይቻላል። ቾክ ሲዘጋ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ያንሳል፥ ቤንዚኑም በአንጻሩ ይበዛል። ስለዚህ ሞተርዎ ከሞቀ በኋላም ቾኩ ተዘግቶ ሳለ የሚሠራ፥ ሲከፈት ግን የሚጠፋ ከሆነ፥ የጎደለው ቤንዚን ነው ማለት ነው። ነገር ግን ከመፍታትዎ በፊት ዘይቱን ይመልከቱ፤ ብዙ ሞተሮች ዘይት ሲጎድልባቸው በራሳቸው እንዲጠፉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ቀጥሎም የቤንዚኑን ቱቦ ከካርቡራተሩ ላይ ነቅለው በንጹሕ ዕቃ ውስጥ ያፍስሱት። በደንብ የማይወርድ ከሆነ የሰልባትዮውን ክዳን ይክፈቱ፤ ያን ጊዜ መውረድ ከጀመረ የተደፈነው በክዳኑ ላይ ያለው የአየር ቀዳዳ ነው። ክዳኑ ተከፍቶም ካልወረደ ቆሻሻው በሰልባትዮው ወንፊት ወይም በቤንዚኑ መዝጊያ ላይ ስለሚሆን፥ ካርቡራተሩን መንካት አያስፈልግም።

ሞተሩ ፈጽሞ ሲበርድ የካንዴላውን ገመድ ይንቀሉ፥ ቤንዚኑንም ይዝጉ። ሥራው በደጅ ይሁን፤ ሲጋራ፥ ኩራዝ ወይም የከሰል ምድጃ በአጠገብ አይኑር። የሚፈቱት ዕቃ በሣር ውስጥ እንዳይጠፋ ነጭ ጨርቅ ያንጥፉ። ከጽዋው ሥር ያለውን ቡሎን ሲፈቱ ጽዋው ከነቤንዚኑ ይወርዳልና በዕቃ ይቀበሉት። ከሥሩ እንደ ዶቃ የሚንከባለል ነገር ካዩ ውሃ ነው፤ እንግዲያው በጀሪካኑ ውስጥም ውሃ ሊኖር ይችላል። የጎማውን ቀለበት ለብቻው በደረቅ ቦታ ያኑሩት፤ በቤንዚን ከተነከረ ያብጥና ወደ ቦታው አልመለስ ይላል። ተንሳፋፊው የተሰካበትን ሽቦ በቀስታ ሲስቡ መርፌዋ አብራ ስለምትወጣ እንዳትወድቅ ይጠንቀቁ።

የነሐሷን ቡሎን ልኳ በሆነ ካቻቢቴ ይፍቱ፤ ቀጭን ካቻቢቴ አናቷን ይቦጭቀዋል። ከዚያ ወደ ፀሐይ አቅንተው ይመልከቱ። ክብ ብርሃን ካልታየ ተደፍናለች። በንጹሕ ቤንዚን ዘፍዝፈው፥ ከኤሌክትሪክ ገመድ በተመዘዘ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር ወይም በጠንካራ የብሩሽ ፀጉር ይጥረጉ። የልብስ መርፌ ወይም የብረት ሽቦ ፈጽሞ አይስደዱባት። ብረት ነሐሱን ይፍቀዋል፤ ቀዳዳዋ ከሰፋች ሞተሩ ጥቁር ጭስ እያወጣ ቤንዚን ይጨርሳል፥ ከዚያ በኋላ ደግሞ አዲስ ከመግዛት በቀር መላ የለውም። ከእርሷ በላይ ጎን ለጎኗ የተበሳሳች ቀጭን የነሐስ ቱቦ ካለች እርሷንም እንዲሁ ያጽዱ። ቀዳዳዎቹን በብስክሌት መንፊያ ይንፉ እንጂ በአፍ አይንፉ፤ ቤንዚን መርዝ ነው።

ብዙ ሰው ሞተር ሲያስቸግረው መጀመሪያ የሚያዞረው በካርቡራተሩ ጎን ያሉትን ቡሎኖች ነው። ይህ ጥሩ ልማድ አይደለም። ቆሻሻው በቦታው እንዳለ ልኩ ብቻ ይበላሻል።

ሁሉን በነበረበት ከመለሱ በኋላ ቤንዚኑን ከፍተው ጥቂት ይጠብቁ። ከካርቡራተሩ ቤንዚን የሚንጠባጠብ ከሆነ መርፌዋ በሚገባ አልተቀመጠችም ወይም ቀለበቱ ተጣሟል፤ እንደገና ይክፈቱት እንጂ ሞተሩን አያስነሡ። ካልተንጠባጠበ የካንዴላውን ገመድ ይመልሱ፥ ፓምፑንም ውሃ ይሙሉት፤ በደረቁ ከዞረ በዘንጉ ላይ ውሃ እንዳያፈስ የሚከለክለው ክፍል ይቃጠላል። ለሙከራም ቢሆን ሞተሩን በጉድጓድ ውስጥ አያስነሡ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለበት፥ በጥልቅ ጉድጓድ ሲታፈንም ሰውን ሳያስጠነቅቅ ይገድላል። ከጸዳ በኋላም የሚጠፋ ከሆነ የአየር ማጣሪያውንና ካንዴላውን ይመርምሩ።

ቤንዚን ሲሞሉ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ያጥልሉ። ጨርቅ አሸዋውን ይይዛል፥ ውሃውን ግን ያሳልፋል፤ ስለዚህ ጀሪካኑ ጥቂት ሰዓት ሳይነቃነቅ ይቀመጥ፥ ከሥሩ የቀረውም አይጨመር። በግንቦት የመጨረሻውን ውሃ ካጠጡ በኋላ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ቤንዚኑን ይዝጉና በራሱ እስኪጠፋ ይተዉት፤ ከጽዋው የቀረውን በማፍሰሻው ቡሎን ያውጡት፥ የሰልባትዮውንም ቤንዚን ወደ ጀሪካን ገልብጠው ሞተሩን ዝናብ በማይደርስበት ቦታ ያኑሩት።