በአሜሪካ የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ ከአነስተኛ የአካባቢ አምራች ከመግዛት በፊት ምን መጣራት አለበት?

በአውሮፓውያኑ 2014 በካንሳስ ግዛት፣ ቻኑት በተባለች ትንሽ ከተማ፣ አንድ የቀድሞ ወታደር ከአካባቢው የወታደራዊ ዕቃዎች መደብር ለጠመንጃው የሚሆን ድምፅ ማፈኛ ገዛ። ዕቃውን የሠራው የመደብሩ ባለቤት ነበር። ሁለቱም የተማመኑት ግዛቷ ከአንድ ዓመት በፊት ባወጣችው፣ በካንሳስ ተሠርቶ ከካንሳስ የማይወጣ መሣሪያ የፌደራል ሕግ አይመለከተውም በሚል ሕግ ነው። በ2016 በፌደራል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። የእስር ቅጣት ባይጣልባቸውም በአመክሮ ቁጥጥር ሥር እንዲቆዩ ተፈረደባቸው። ይግባኛቸው በ2018 ውድቅ ሆነ፤ በ2019 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አልመለከትም አለ።

ቴክሳስ በ2021 ተመሳሳይ ሕግ ብታወጣም የፌደራሉ ግዴታ ዛሬም አልተነሳም። በ1934 በወጣው ብሔራዊ የጦር መሣሪያ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ድምፅ ማፈኛ መለያ ቁጥር ተሰጥቶት ኤቲኤፍ በሚባለው የፌደራል ተቆጣጣሪ ቢሮ ይመዘገባል። ለአሥርት ዓመታት ሲከፈል የቆየው የ200 ዶላር ቀረጥ ከ2026 መጀመሪያ አንስቶ ወደ ዜሮ ወርዷል። ቀረጡ ቀረ ማለት ግን ምዝገባው ቀረ ማለት አይደለም፤ የጣት አሻራ፣ ፎቶግራፍ እና የቅድሚያ ፈቃድ አሁንም ይጠየቃሉ። ያልተመዘገበ ማፈኛ ይዞ መገኘት እስከ 10 ዓመት እስራት ያስከትላል።

ስለዚህ ቀዳሚው ጥያቄ ስለ ዕቃው ጥራት ሳይሆን ስለ ሰውየው ፈቃድ ነው። አምራቹ ሁለት ነገሮች ሊኖሩት ይገባል፦ የመሣሪያ አምራችነት ፈቃድ እና በየዓመቱ የሚታደስ የልዩ ሥራ ግብር ክፍያ። የመጀመሪያውን በኤቲኤፍ ድረ ገጽ ላይ በፈቃዱ ቁጥር ማረጋገጥ ይቻላል፤ የሁለተኛውን ማስረጃ ከራሱ መጠየቅ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ሳይመጣ ዕቃውን በዕለቱ የሚያስረክብ ሻጭ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ ገዢውን ወደ ወንጀል እየጋበዘው ነው።

ቀጥሎ የድምፁ ጉዳይ ይመጣል። ፊልሞች እንደሚያሳዩት ተኩስን ወደ ሹክሹክታ የሚለውጥ ማፈኛ የለም። በአብዛኛው የሚቀንሰው ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ሲሆን፣ ያለ ማፈኛ ከ160 ዴሲቤል በላይ የሚያስተጋባ ጠመንጃ ከተቀነሰለትም በኋላ ኃይለኛ ድምፅ ይኖረዋል። አንድ አነስተኛ አምራች ቁጥር ሲጠቅስ በየትኛው ጥይት፣ በምን ያህል የአፈሙዝ ርዝመት፣ በተኳሹ ጆሮ አጠገብ ወይስ በአፈሙዙ ዘንድ እንደተለካ መናገር ካልቻለ ቁጥሩ ትርጉም የለውም። ማፈኛው የሚችለው አጭሩ የአፈሙዝ ርዝመት ስንት እንደሆነም በጽሑፍ ሊሰጥ ይገባል። ከአፈሙዙ ጋር ቀጥ ብሎ ያልተገጠመ ማፈኛ የውስጥ ክፍሉ በጥይት ሊመታ ይችላል፤ የአነስተኛ አምራች የሥራ ጥንቃቄ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ገዢዎች የሚዘነጉት ዋስትናውን ነው። ባለቤቱ መለዋወጫ የውስጥ ክፍሎችን ገዝቶ ማስቀመጥ አይፈቀድለትም፤ ሕጉ እያንዳንዱን ክፍል ራሱን እንደቻለ ማፈኛ ይቆጥረዋል። በመሆኑም የተበላሸ ዕቃ ወደ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይመለሳል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ራሱ አምራቹ ነው። ሱቁ ከተዘጋ የ«ዕድሜ ልክ ዋስትና»ው ወረቀት ብቻ ይሆናል፤ ምትክ ዕቃም አዲስ ምዝገባ ይጠይቃል። ስለዚህ ድርጅቱ ስንት ዓመት እንደሠራና ከዚህ ቀደም የተመለሱለትን ዕቃዎች እንዴት እንዳስተናገደ የቀድሞ ደንበኞቹን መጠየቅ ከማስታወቂያው ይልቅ ይጠቅማል።

በአሜሪካ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ መኖሪያ ስፍራ ወሳኝ ነው። ቨርጂኒያ እና ሜሪላንድ ማፈኛን ሲፈቅዱ በመካከላቸው ያለችው ዋሽንግተን ዲሲ ትከለክላለች፤ ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክን ጨምሮ ስምንት ግዛቶችም እንዲሁ። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር መያዝ አይችልም። ዕቃውን ያለ አሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ፈቃድ በሻንጣ ይዞ ወደ አዲስ አበባም ሆነ ወደ ናይሮቢ መብረር፣ በመዳረሻው አገር ሕግ ከሚያስከትለው በተጨማሪ፣ በአሜሪካም ራሱን የቻለ ከባድ ወንጀል ነው።